ከነቤንዚኑ የወረደው ታንከር

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ጋቢ አለበሱኝ፤ ፍሬም ውስጥ የገባ ወረቀትም ሰጡኝ። ወረቀቱ ላይ «በሥራ ዘመናቸው አንድም አደጋ ሳያደርሱ ያገለገሉ» ተብሎ ተጽፏል። በድምፅ ማጉያ ያነበበው የድሮ አለቃዬ አቶ ወንድሙ ነው። እዚያ ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ። ድምፁ ትንሽ እንኳን አልተንቀጠቀጠም። እኔም ተነሥቼ፣ ጎንበስ ብዬ፣ በሁለት እጄ ተቀበልኩ። አዳራሹ አጨበጨበልኝ።

ቤቴ ገብቼ ጋቢውን አልጋ ላይ ስወረውረው ባለቤቴ ራሕማ «ምነው? አላከበሩህም እንዴ?» አለችኝ። አክብረውኛል። የተናደድኩት በዚያው ነው። ይህን ስጽፍም ንዴቱ አልበረደልኝም፤ እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

ከድር እባላለሁ። የሆሳዕና ልጅ ነኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ የሞተር ሳይክል መካኒክ ነበርኩ። ሆሳዕና ጀምሬ፣ ሙዱላና ሀደሮ ሠርቼ፣ ሺንሺቾ ከርሜ፣ ተመልሼ ሆሳዕና ላይ ጨረስኩ። ስለ ደመወዝ ብዙ የምለው የለኝም፤ ትንሽ ነበር፤ አንዳንዴም ይዘገይ ነበር። ስለ ታንከር ግን የምለው አለኝ።

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ወደ መናኸሪያ በሚወስደው መንገድ ላይ ሳልፍ አንድ ጎልማሳ መካኒክ የአሮጌ ሞተር የቤንዚን ታንከር ሲያወርድ አየሁ። ሞተሩ ገና ከመንገድ መግባቱ ነው፤ የጭስ ማውጫው ይንጣጣል። መካኒኩ ስልኩን በትከሻና በጆሮው መሀል ወትፎ ያወራል። ባለ ሞተሩ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ሲጋራውን ያቦናል። ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ አንዲት ሴት ከሰል አቀጣጥላ በቆሎ ትጠብሳለች። ደሜ ፈላ።

«አንተ! ባትሪውን ንቀል እንጂ!» ብዬ ጮህኩበት።

«አባባ፣ ሞተሩ እኮ ጠፍቷል። ቁልፉም ይኸው ኪሴ ነው» አለኝ፣ ስልኩን ሳያወርድ።

«አንተን ማን ነው ያስተማረህ?»

«ሰርተፊኬት አለኝ አባባ» ብሎ ሳቀ። ባለ ሞተሩም አብሮት ሳቀ። እኔ ያበድኩ ሽማግሌ መስያቸው ነበር። ታንከሩን ጎትቶ አወጣው፤ ምንም አልሆነም። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሆንም። የሚያናድደኝም እሱ ነው፤ መቶ ጊዜ ምንም ስለማይሆን መቶ አንደኛውን ማንም አያስበውም።

እኔን ያስተማረኝ ጋሽ ኤርሳዶ ነው። ሆሳዕና ውስጥ የአንድ ፕሮጀክት ጋራዥ ነበር፤ አሁን ተዘግቶ ቦታው ሌላ ሆኗል። ጋሽ ኤርሳዶ የዚያ ጋራዥ ኃላፊ ነበር። አጭር፣ ደረቅ፣ የማይስቅ ሰው። በአማርኛ ያስተምራል፤ ሲቆጣ ግን በሀዲይሳ ነው። የጋራዡ ሰው ሁሉ የሱን ሀዲይሳ ላለመስማት ሲል ሥራውን ያጠራ ነበር።

ታንከር ከማውረዱ በፊት ኪሱን ያራግፋል። ክብሪት፣ ሳንቲም፣ መክፈቻ፣ ያለውን ሁሉ የቆርቆሮ ሰሐን ላይ ያስቀምጥና ሰሐኑን ከበሩ ማዶ ይተወዋል። እኛንም ያስራግፈናል። ከዚያ ሞተሩን ገፍቶ ነፋስ ወዳለበት ግቢ ያወጣዋል፤ ጣራ ሥር ታንከር ሲፈታ አይቼው አላውቅም። ቀጥሎ መዳፉን ሞተሩ ላይ ይጭናል። መዳፉን ሳያነሣ የልጆቹን ስም ከትልቁ እስከ ትንሹ ጠርቶ ከጨረሰ ሞተሩ ቀዝቅዟል ማለት ነው። ስምንት ልጆች ነበሩት። አራተኛው ላይ እጁን ካነሣ፣ ባለ ሞተሩ ምንም ያህል ቢቸኩል፣ ሄዶ ሻይ ይጠጣል።

መፍቻ ሲያነሣ ከሁሉ በፊት ባትሪ። የጎን ክዳኑን ከፍቶ የኔጌቲቩን ሽቦ ይፈታና ጫፉን በጨርቅ ይጠቀልለዋል። አንድ ቀን እኔም እንደዚያ መካኒክ «ቁልፉ ተዘግቶ የለ እንዴ?» አልኩት። ክንዴን ይዞ አስጎነበሰኝና ታንከሩ ሥር በጣቱ አንድ ሽቦ አሳየኝ። «ይህ ከባትሪ ተነሥቶ እስከ ቁልፉ ድረስ ይሄዳል። ቁልፉን ብትዘጋ የምትዘጋው ከቁልፉ ወዲያ ያለውን ነው። ይህኛው ግን ሌትም ቀንም እሳት አለበት። መንገዱ ደግሞ በየት ነው? በታንከሩ ሥር!» አለኝ። አሮጌ ሞተር ላይ ደግሞ የሽቦው ልብስ ተፈግፍጎ ያልቃል።

ባትሪው ከተፈታ በኋላ ኮርቻው ይወርዳል። የቤንዚን መዝጊያው ይዘጋል፤ ወደ ካርቡራተር የሚሄደው ቱቦ ይነቀላል፤ በምትኩ ረጅም ቱቦ ይሰካና መዝጊያው ተከፍቶ ቤንዚኑ እስከ መጨረሻው ጀሪካን ውስጥ ይወርዳል። ጀሪካኑ ተከድኖ ሩቅ ይቀመጣል። ከዚያ ነው የኋላው ብሎን የሚፈታው። ታንከሩን ከኋላ አራት ጣት ያህል ብቻ ከፍ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ሥሩን ያያል፤ የተያዘ ሽቦ አለ? ያልተነቀለ ቱቦ አለ? ከሌለ ቀስ አድርጎ ቀጥ ባለ መስመር ወደ ራሱ ይስበዋል። የፊቱን ጫፍ የሚይዙት ሁለት ጎማዎች ደርቀው እንቢ ካሉት ውሃ ጠብ አድርጎባቸው በጣቱ ያላቅቃቸዋል እንጂ አይጎትትም። «የጎተተ ሰው ምን እንደሚመጣ አያውቅም» ይል ነበር።

ጋራዡ ውስጥ «ባዶ ታንከር» ማለት ክልክል ነበር። ቤንዚኑ ሲወጣ ሽታው ይቀራል፤ ሙሉው ይነዳል፣ የሚፈነዳው ግን ሽታው ነው። ለመበየድ የመጣ ታንከር ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይታጠባል፤ ከዚያ የሚበየደው ቦታ ብቻ ሲቀር ውሃ ይሞላል። አንድ ሠራተኛ «ባዶ ነው እኮ» ብሎ ለበያጁ ሊያቀብል ሲል ጋሽ ኤርሳዶ ታንከሩን ነጥቆት ልጁን ለአንድ ሳምንት መጥረጊያ አስይዞታል።

ፕሮጀክቱ ሲዘጋ እኛም ተበተንን። ጋሽ ኤርሳዶ እርሻው ላይ ገባ፤ እኔ የመንግሥት ሥራ አግኝቼ ሙዱላ ሄድኩ። ሙዱላ በዝናብ ወራት ሞተር ማለት ጭቃ ማለት ነው፤ ግማሽ ቀን ታጥባለህ፣ ግማሽ ቀን ትፈታለህ። ከዚያ ሀደሮ ተዛወርኩ። ታንከር በሳሙና ሲደፈን ያየሁት ሀደሮ ነው። ታንከሩ ሥሩ ዝጎ ማንጠባጠብ ሲጀምር ሞተረኞቹ የልብስ ሳሙና አለስልሰው ቀዳዳው ላይ ይለጥፋሉ፤ ደርቆ ይይዛል። ቤንዚን ሳሙናን አያሟሟውም። ከጠምባሮ ገጠር ለመመለስ እኔም አንድ ሁለት ጊዜ ለጥፌ አውቃለሁ። ቤት ለመድረስ ነው እንጂ ለመኖር አይደለም። እነሱ ግን አንዴ ለጥፈው ዓመት ይነዱበታል፤ ጭቃ ሲደርብበት ደግሞ መኖሩም ይረሳል።

ሺንሺቾ ስደርስ ማቴዎስን አገኘሁት። የሠራሁበትን መሥሪያ ቤት ስም አልጠራም፤ ብዙ ሞተር ያለው መሥሪያ ቤት ነበር ልበል። እኔ ዋና መካኒክ፣ እሱ ሁለተኛ። ከምባታ ነው፤ የወንጌል አማኝ፣ የአጥቢያው መዘምር። ሲሠራ ያዜማል። እሱ በከምባትኛ፣ እኔ በሀዲይሳ፣ ሁለታችን ስንገናኝ በአማርኛ። «ከድሮ» እያለ ያቆላምጠኝ ነበር። ጠላ እንኳን አፉ ገብቶ አያውቅም፤ በረመዳን እኔ ስጾም እሱ ፊት ለፊቴ ውሃ አይጠጣም፤ ጀርባውን ሰጥቶ ይጠጣል። እንደሱ ያለ የሥራ ጓደኛ ከዚያ በፊት አላገኘሁም፤ ከዚያም በኋላ አላገኘሁም።

አቶ ወንድሙ የዚያ መሥሪያ ቤት የንብረትና ስምሪት ኃላፊ ሆኖ የመጣው ቤንዚን በጠፋበት ጊዜ ነው። ማደያው ደርቆ ከተማው ሁሉ በሀይላንድ ከመንገድ ዳር ይገዛ ነበር። አቶ ወንድሙ ሰው ሁሉ ሌባ ነው ብሎ የሚጀምር ሰው ነው። መካኒኮች ታንከር በወረደ ቁጥር ቤንዚን እየቀዱ በአጥር ለሀይላንድ ነጋዴ ያቀብላሉ ብሎ አሰበ። ቀድተን አናውቅም። አንድ ጠዋት ግን ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ግድግዳ ላይ በምስማር ተመትቶ አገኘን፤ ቤንዚን መቅዳት ክልክል ነው፤ ታንከር ከነቤንዚኑ ይወርዳል፤ ሥራውም በግቢ ሳይሆን በመጋዘን ውስጥ፣ በሩ ገርበብ ብሎ ይከናወናል።

አነበብኩት። ማቴዎስም አነበበውና ወደ እኔ ዞረ። ዋና መካኒኩ እኔ ነኝ፤ መናገር ያለብኝ እኔ ነኝ። አቶ ወንድሙ ቢሮ ገብቼ «ጌታዬ፣ ይሄ ነገር ትንሽ አደጋ...» ብዬ ጀመርኩ። «አደጋው ሌብነት ነው» አለኝ። «እሺ» ብዬ ወጣሁ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ጊዜ እሺ ብያለሁ፤ እንደዚያችኛዋ የምጠላት እሺ የለችም።

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ወራት ታንከር ከነቤንዚኑ አወረድን። አንዱ ይፈታል፣ አንዱ ሕፃን እንደታቀፈ ሰው ታንከሩን ደረቱ ላይ ይዞ ይቆማል። ምንም አልሆነም። ያልኩት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሆንም።

አንድ ጠዋት የእንስሳት ሐኪሙ ሞተር ገባ። አሮጌ የጃፓን ሞተር ነው። ሐኪሙ ለክትባት ወደ ገጠር ሊወጣ ቸኩሏል፤ መድኃኒቱ በበረዶ ሣጥን ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ታንከሩ ሥር የታጠፈውን ቱቦ ለመቀየር ታንከሩ መውረድ ነበረበት። ከግማሽ በላይ ቤንዚን አለው። አቶ ወንድሙ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

ኮርቻውን አወረድኩ። መዝጊያውን ዘጋሁ፣ ቱቦውን ነቀልኩ። የጎን ክዳኑን ከፍቼ የባትሪውን ብሎን በመፍቻ ያዝኩት፤ ዝጓል። አንድ ጊዜ ሞከርኩ፤ መፍቻው ተንሸራተተና ጣቴን ላጠው። ዘይት ጠብ አድርጌ ሁለት ደቂቃ ብታገሥ ይፈታ ነበር። ሁለት ደቂቃ!

ማቴዎስ ታንከሩን ከፊት በሁለት እጁ ደግፎ «ከድሮ፣ ባትሪውስ?» አለኝ።

«ሞተሩ ጠፍቷል፤ ቁልፉ ኪሴ ነው። ዝም ብለህ ያዝ» አልኩት።

የኋላውን ብሎን ፈታሁ። ሥሩን ጎንበስ ብዬ አላየሁም። ሥሩን ባየው ኖሮ ጭቃ የጠጣ ሳሙና አገኝ ነበር፤ ልብሱ የተላጠ ቀይ ሽቦም አገኝ ነበር። የፊቱ ጎማዎች ደርቀው ታንከሩን ነክሰውታል። ጎተትኩት። እንቢ አለ። እግሬን ቴላዮው ላይ፣ የሞተሩ የብረት አጥንት ላይ፣ አስደግፌ በኃይል ጎተትኩት።

በአንድ ጊዜ ተላቀቀ። ሳሙናው ተፈነቀለና ቤንዚኑ ወረደ፤ የታንከሩ ጠርዝ ሽቦውን ይዞ ቴላዮው ላይ ፈገፈገው። ጧ የሚል ትንሽ ድምፅ ነው የሰማሁት፤ በጣት የማንኳኳት ያህል። ከዚያ ሰማያዊ ነበልባል ታንከሩ ሥር ተዘረጋ።

ለቀቅሁት። ይህን ለራሕማ እንኳን ተናግሬ አላውቅም። ታንከሩን ለቅቄ ወደ በሩ ሮጥኩ። አቶ ወንድሙ ከእኔ ቀድሞ ወጥቶ ነበር። ክብደቱ ሁሉ ማቴዎስ እጅ ላይ ቀረ። እሱም መልቀቅ ይችል ነበር። ግን መጋዘኑ ውስጥ ሌሎች ሞተሮች፣ የዘይት በርሜሎች፣ ከኋላ ባለው ክፍልም ውስጥ ምንም ያልሰሙ ሁለት የንብረት ክፍል ሴቶች ነበሩ። ማቴዎስ የሚነደውን ታንከር ይዞ በበሩ ወጣ፤ ግቢውን ግማሽ ያህል ሄዶ አፈር ላይ ወረወረው። የሹራቡ እጅጌ ክንዱ ላይ ቀልጦ ነበር። አፈር የበተኑበትና ጃኬታቸውን የጠቀለሉበት የጥበቃው ሽማግሌ ናቸው። እኔ ቆሜ አይ ነበር።

በማግሥቱ አቶ ወንድሙ ቢሮ ጠራኝ። ሪፖርቱ ተተይቦ አልቋል። ግድግዳው ላይ የነበረው ትእዛዝ ተነሥቷል፤ አራቱ የምስማር ቀዳዳዎች ብቻ ቀርተዋል።

«ባትሪ ነቅለህ ነበር?» አለኝ።

«አልነቀልኩም።»

«እንግዲያው ጥፋተኛው አንተ ነህ። ንብረት ወድሟል፣ ሰው ተጎድቷል። ትታሰራለህ። ልጆች አሉህ አይደል?» ካለ በኋላ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። ወረቀቱ ሠራተኛው ማቴዎስ በሥራ ላይ ሳለ ሲጋራ ያጨስ እንደነበረና እሳቱ ከዚያ እንደተነሣ ይናገራል። ከታች የዓይን ምስክር የሚል ባዶ መስመር አለ።

«ማቴዎስ እኮ አያጨስም! አማኝ ነው» አልኩ።

«ተደብቆ የሚያጨሰውን ማን ያውቃል? ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ያሳክመዋል፤ ይድናል። አንተ ከገባህ ግን ልጆችህን የሚያይ የለም።»

ፈረምኩ። ሁለት እጁ ታንከር ላይ የነበረ ሰው ሲጋራውን በምን ያዘው? ይህን አንድ ሰው አልጠየቀም። አጣሪ ኮሚቴው አልጠየቀም፤ ማኅተም ያደረገው አልጠየቀም። እኔም ጥያቄው እንዳይነሣ ስጸልይ ከረምኩ። ወር ሳይሞላ ስጠይቀው የኖርኩት ወደ ሆሳዕና የመዛወር ማመልከቻ ተፈቀደልኝ። ማቴዎስ ከሆስፒታል ሲወጣ የስንብት ደብዳቤ ጠበቀው። አንድ ቀን እንኳን ሄጄ አልጠየቅሁትም።

ዘጠኝ ዓመት ሆሳዕና ሠራሁ። በዚያ ዘጠኝ ዓመት ባትሪ ሳልነቅል ታንከር ነክቼ አላውቅም፤ ኪሴን አራግፋለሁ፤ መዳፌን ሞተሩ ላይ ጭኜ የልጆቼን ስም እጠራለሁ። ሰዎች «ጋሽ ከድር ጥንቁቅ ነው» ይሉኝ ነበር። አቶ ወንድሙም ከፍ ከፍ እያለ ሄዶ፣ በመጨረሻ ያን ወረቀት አነበበልኝ።

የጋቢው ቀን ባለፈ በሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ ሺንሺቾ ወረድኩ። ቤቱን አፈላልጌ አገኘሁት። በሩን የከፈተችልኝ ባለቤቱ አማረች ናት። ከዚያ በፊት ተገናኝተን አናውቅም ነበር። የድሮ የሥራ ጓደኛው ነኝ ስላት «እሰይ! ሰው እኮ አይመጣበትም» ብላ እጄን ይዛ አስገባችኝ። ቆጮና አይብ አቀረበች። አልበላም ብል «እንዴት ተደርጎ!» ብላ በእጇ አጎረሰችኝ። ማቴዎስ ከእንሰት ጓሮው መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። የቀኝ እጁ ጣቶች ተጣብቀው አንድ ሆነዋል፤ ግራው ላይ አውራ ጣቱና አንድ ጣት ይሠራሉ። አየኝና «ብላ» አለኝ።

ከበላሁ በኋላ ጓሮ ወሰደኝ። «ማቴ፣ እኔ...» ስል አቋረጠኝ።

«ፊርማህን አውቀዋለሁ። የስንብት ደብዳቤው ላይ አያይዘውት ነበር።»

«ለምን አልከሰስከኝም?»

«በማን ምስክርነት?» አለኝ። ከዚያ ወረቀቱ ያደረገውን ነገረኝ። ሪፖርቱ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች እጅ ገብቷል። ጠርተው ጠየቁት። አላጨስኩም አለ። ሽማግሌዎቹ «ጓደኛህ ፈርሞበታል፤ እስላም ነው፣ ከአንተ ጋር ጠብ የለውም፣ ለምን ይዋሻል?» አሉት። ንስሐ ግባ ቢሉት ያላደረግኩትን ምን ብዬ ልናዘዝ አላቸው። ከመዘምራን ታገደ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እየሄደ ኋላ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ኖሯል። ጥርጣሬው ከወንበር አልፎ ገበያም ደርሷል፤ ሞተሩን እንዲያይለት የሚያመጣ ሰው ጠፋ።

እኔ ጣቶቹን ነበር የማስበው። የሚዘምርበትን አፍ እንደዘጋሁበት አላውቅም ነበር። ንዴቴ መጀመሪያ በሽማግሌዎቹ ላይ ተነሣ፣ ቀጥሎ በአቶ ወንድሙ፣ ከዚያ የሚሄድበት ሲያጣ ወደ እኔው ተመለሰ።

«ሽማግሌዎቹ የት ናቸው?» አልኩት።

በቤተ ክርስቲያኑ ጎን ባለች ትንሽ ክፍል ሦስት ሰዎች ተሰብስበው ነበር። ማቴዎስ በከምባትኛ አንድ ነገር ነገራቸውና ወደ እኔ ዞሩ። እንዴት እንደምጀምር አላወቅሁም። ስለዚህ የማውቀውን ጀመርኩ። ታንከር እንዴት እንደሚወርድ ነገርኳቸው፤ ኪስ ማራገፉን፣ መዳፉን፣ ባትሪውን፣ ቤንዚን መቅዳቱን፣ ብሎኑን። ከዚያ የቱን እንዳላደረግኩ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ባትሪውን ያልነቀልኩት እኔ ነኝ። ሥሩን ያላየሁት እኔ ነኝ። የጎተትኩት እኔ ነኝ። ለቅቄ የሮጥኩት እኔ ነኝ። እሱ ሁለት እጁን ታንከሩ ላይ አድርጎ ባትሪውስ ብሎ ጠይቆኛል።

ከሦስቱ አንዱ ሞተር የሚነዱ ሽማግሌ ነበሩ። «ሁለት እጁ ታንከሩ ላይ ከነበረ ሲጋራውን በምን ያዘው?» አሉ። ለእኔ አልነበረም የተናገሩት፤ ለጓደኞቻቸው ነው። «ይህን እኛ አልጠየቅንም» አሉ ቀጥለው፤ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

ሌላኛው ግን ዓይናቸውን ከእኔ አልነቀሉም። «አንተ ለምን እስከ ዛሬ ቆየህ?» አሉኝ።

ብዙ መልስ መስጠት እችል ነበር። «ጡረታዬን ጠብቄ ነው» አልኩ።

በመጨረሻ እሑድ በጉባኤው ፊት እገዳው እንደሚነሣና ይቅርታ እንደሚጠይቁት ነገሩት። ማቴዎስ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ደስ ያለው አይመስልም ነበር። እኔም ከዚያ በኋላ ያንኑ ቃሌን ጽፌ ለመሥሪያ ቤቱ አስገብቻለሁ፤ ገቢ ተደርጎ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ እጄ ላይ አለ። እስካሁን መልስ የለም። ካሰሩኝም ይሰሩኝ።

ከክፍሏ ስንወጣ የመጣሁበትን የጨረስኩ መስሎኝ ነበር። ማቴዎስ መንገዱ ላይ ቆመና «አሁን ቤት ግባና ለአማረች ንገራት» አለኝ።

«ለአማረች? እሷ... አንተ አልነገርካትም?»

«ዘጠኝ ዓመት ነገርኳት» አለኝ።

ተመለስን። አማረች በሩ አጠገብ ትንሽ የእንጨት ዱካ ላይ ተቀምጣ ቆጮ ትቆራርጥ ነበር። ፊቷ ቆሜ ተናገርኩ። ለሽማግሌዎቹ ካልኩት ያጎደልኩት የለም፤ የጡረታዬንም ነገር ነገርኳት። ቢላዋዋን እንደያዘች አዳመጠችኝ።

ስጨርስ «ልብሱን አሸት ነበር» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «ከውጭ በመጣ ቁጥር ኮቱን ልሰቅልለት ተቀብዬ አሸት ነበር። ሽታ አጥቼ ደግሞ እንዴት ጎበዝ ነው ሲደብቅ እል ነበር። ልጆቹንም አባታችሁ አፉ ምን ምን ይላል ብዬ ጠይቄያለሁ። ልጆቹን!»

ማቴዎስ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት መሬት ያያል።

አማረች ተነሥታ ቆመች። «ቅድም ከእጄ ጎርሰሃል?» አለችኝ።

«ጎርሻለሁ።»

«ይህ ሁሉ በሆድህ እያለ?»



«ውጣ!» አለች። «ውጣ ከቤቴ! ጡረታህን ይዘህ ውጣ!»

ማቴዎስ «አማረች፣ ተይው፤ መጥቶ ተናግሯል» አላት። ወደ እሱ ዞረች። እኔ ጫማዬን ደጃፉ ላይ አውልቄ ነበርና ጎንበስ ብዬ ማሰር ጀመርኩ። ክሩ እንቢ አለኝ።

እዚያው እንዳጎነበስኩ አማረች ከውስጥ «ማቴ፣ ይቅር በለኝ» ስትለው ሰማሁ። አንድ ጊዜ ደገመችው። ጫማዬ ታስሮ ነበር፤ ግን ቆሜ ጠበቅሁ። መልስ ሲሰጣት አልሰማሁም።